አንተ ቅደም

ሰንበት በወጣ ማታ፣ በቂርያት ጋት ሙቀት፣
መብራት ሄዶ ተመለሰ ባንዲት ቅጽበት።
ሦስቱ ሰርቨሮች ግን ደጃፍ ላይ ደረሱ፣
«አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» እጅ እየነሱ።

«ባልንጀራዬን እጠብቃለሁ። ሠላሳ ሰከንድ። አልመጣም።»
ሎጉ ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል አያወጣም።
«አንድ»ን አስቀደምኩ፣ በስሙ ተታልዬ፤
ወደቀ። ደገምኩት። ወደቀ።
ታድላ በስልክ፣ ልጇን እሹሩሩ እያለች፦
«በሩን የዘጋው ማነው? ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው» አለች።

ሦስተኛው ነበር፤ አራት ሰከንድ የዘገየ፣
የመጨረሻዋን ክፍያ ብቻውን ያየ።
«ማንንም ሳትጠብቅ ተነስ» አልኩት፤ ተነሳ።
ሁለቱ ተከተሉት፣
ያመለጣቸውን ወሬ እያንሾካሾኩ ሲጠይቁት።

ሲነጋ፣ ከጥበቃው ከጋሽ አያነው ጋር ሊፍት በር ላይ፦
«ይቅደሙ።»
«ኧረ አንተ፣ ደክሞሃል።»
«ኧረ በእግዜር!»
በሩ ተዘጋ፤
ባዶውን ወረደ።