አስራ አንድ ጊዜ

ደሴ፣ ሙጋድ ሰፈር፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
በአንድ በር ሱቅ ውስጥ ለመድኩኝ ሙያውን።
ጋሽ ሙሄ እንዲህ ነበር፦ አንዱን ዓይን ጨፍኖ፣
በሌላኛው ጥቁር ማጉያ ደቅኖ፣
ትንፋሹን ይይዛል ጥርሶችን ሲቆጥር፣
አቧራ እንዳይነሳ፣ ፀጉር እንዳይበር፣
ከቁንጫ ያነሰች ብሎን እንዳትሰወር።

የገባሁ ዕለቱን፣ ግድግዳው ላይ ካለው
አሮጌ ሰዓት ፊት ወስዶ አቆመኝ ሰውየው።
«ስንት ሰዓት ነው?» አለ።
            «ሰባት» አልኩኝ እኔ።
ሳቀና ጠጋ አለኝ፣ ዞሮ ወደ ጎኔ፦
«ጫፉን ተውላቸው፣ ጫፉ ነው የነሱ፤
ጅራቱ ነው የኛ፤ አንድን ያሳያል እሱ።
ፀሐይም ይኸውልህ፣ ከአዝዋ ገደል በላይ
አንድ ሰዓት ብላለች። ካላመንክ ውጣና እይ።»

እንዲህ ነው የተማርኩት፣ ከጅራት ጀምሬ።

ከዚያ አጭሩ ቆጣሪ።
ሲሄድ ላየው ብዬ ፊቱ ተገተርኩኝ፤
ሻዬ ቀዘቀዘ፣ ዓይኔን አልነቀልኩኝ።
ጉም ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሸፈነ፣
ማዶ ያለው ዳቦ ቤት እንደሌለ ሆነ።
ጉሙም ተነሳ፣ ሄደ።
ቆጣሪውን ሲሄድ አላየሁም።
ሄዶ ግን አየሁት።
ይህንኑ ብነግረው ጋሽ ሙሄ መፍቻ ሰጠኝ፤
«በል፣ አሁን ሥራ ጀምር።»

ሰኔ ላይ ነው መሰል፣ ዝናብ ያዘንና፣
ደንበኛ የለ ምን፣ ሥራ ፈታንና፣
«ደመላሽ» አለኝ፣ «ከንጋት እስከ ማታ
ረዥሙ ባጭሩ ላይ ስንቴ ይደረባል?»
«አስራ ሁለት!» አልኩት፣ ሳላመነታ።
«በሻይ?»
       «በሻይ፣ ከነፓስቲው።»
«ነገ ማልደህ ናና ቁጭ ብለህ ቁጠረው።»

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳንቃውን አነሳሁ፣
የሲጋራ ካርቶን ቀድጄ በከሰል ማስመር ያዝሁ።
ግማሹ አለፍ እንዳለ፣ አንድ።
የኮምቦልቻው አውቶቡስ ረዳት መጣ፤
«አስር ደቂቃ ወደፊት ግፋልኝ፣ ሾፌሬ እንዲፈጥን።»
ገፋንለት። ሁለት። ሦስት።
እትዬ ጦይባ የባሏን ሰዓት በመሐረብ ቋጥራ፣
«መራመዱንስ ይራመዳል፣ ግን ያነክሳል» አለች።
አራት። አምስት ሊል ጥቂት ሲቀረው፣ አምስት።

ከዚያ አምስት ሰዓት ገባ።
ጠበቅኩ። ረዥሙ ወረደ። ጠበቅኩ።
ረዥሙ ወጣ። ከሰሉ ጣቴን አጠቆረው።
ሰዓቱን ሙሉ አንድም ጭረት የለ፤
ልክ ስድስት ሲሞላ፣ ጥላዬ እግሬ ሥር ስትገባ፣
ያኔ ብቻ ገጠሙ።

ጀንበር ከጦሳ ጀርባ ስትገባ ካርቶኑን ቆጠርኩ።
አስራ አንድ።
ከግራ ቆጠርኩ፣ ከቀኝ ቆጠርኩ። አስራ አንድ።
«አንዷ የት ገባች?»

ጋሽ ሙሄ ማጉያውን ከዓይኑ አወለቀ፦
«ረዥሙ ይሮጣል፣ አንድ ዙር ይዞራል፣
አጭሩ ከነበረበት ከች ብሎ ይደርሳል።
አጭሩ ግን እዚያ የለም፤ ትንሽ ሄዷል።
አምስት ደቂቃ ተኩል ግድም፣ ከዚያ አይበልጥም።
ያቺ ትንሽ፣ ያቺ ትንሽ፣ በየዙሩ ተለቃቅማ
አንዷን ሙሉዋን በላቻት።
አብሽር፣ ሻዩን እኔ እከፍላለሁ።»

ዛሬ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ስልኩ ላይ ነው የሚያይ።
ባትሪ እቀይራለሁ፣ ማሰሪያ እቀጥላለሁ፣
አንዳንዴ ብርጭቆ።
ጋሽ ሙሄ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር
መጀመሪያ ብሎን ማንሳቱን ተወልኝ፣
ከርሞ ማጉያውን፣
ኋላ ወንበሩን።
ሲተወው ልብ አላልኩም። መተዉን ግን አየሁ።

ዘንድሮ ሃምሳ ሦስት ሞላኝ፤
ሲቀጥረኝ የነበረው ዕድሜ ነው።
ማልጄ መጣሁ፣ ሳንቃውን አነሳሁ፣
ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ አንዱን ዓይን ጨፈንኩ፣
በሌላኛው ማጉያውን ደቀንኩ።
እሱ ከነበረበት ደረስኩ።

ትንሽ ሄዷል።