አቤት

በልጅነቴ ስጠራ፣ «ምን?» ብዬ ስመልስ፣
«አቤት በይ!» ይሉኝ ነበር፣ ጆሮዬን ይዘው እስኪቀላ ድረስ።
ይህን ያህል ዓመት ኖሬ፣ ይህን ያህል ምድር አቋርጬ ስደርስ፣
ያው ነበርኩ፤ ሲጠራኝ «ምን?» ባይ፣ ከሱ ጋር ስካሰስ።

ሱ ፎልስ። ደቡብ ዳኮታ። የሥጋው ፋብሪካ።
መስመር ሦስት ላይ ቆሜ፣ የብረት ጓንት አጥልቄ፣
ትከሻ ስበልት፣ ወዲያው ሌላ ሲተካ።

ሌላም መስመር ነበረኝ፤
ከሥራ በፊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሌሊት፣
ስልክ ላይ የሚጸልይ ሕዝብ፣ ከአምስት ክፍለ ግዛት።
ወንጌላዊ ላምቤቦ ቃሉን ሲያካፍሉን፣
እኔ ኮድ ያዥ ነኝ፤ የማን ቲቪ ጮኸ፣ የማን ልጅ አለቀሰ፣
እያየሁ የምዘጋ ድምፁን።
«አገልግሎትሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ፣
«ሰው ዝም ማሰኘት» እል ነበር እየሳቅሁ፤
ከዚያ ካፖርቴን ደርቤ፣ በረዶዬን ጠርጌ፣
ወደ ቢላዋዬ እሄዳለሁ።

አንዳንዴ ግን፣ ከማሽኑ ጩኸት ሥር፣
ስሜን የጠራኝ ይመስለኛል። ዞር ስል
ኦጁሉ ብቻ ነው፣ ሥጋው ላይ አጎንብሷል።
«ጠራኸኝ?» ስለው፣ «ኧረ እኔ አልጠራሁም፤
ሥራሽን ሥሪ» ብሏል።
እንዲህ ሦስት ጊዜ።

የካቲት ነው፤ ነፋሱ መንገዱን የቀበረበት።
አርባ አንድ ሰው መስመር ላይ፣ ወንጌላዊው የሉበት።
አምስት ደቂቃ። አሥር። ስልካቸው አይነሣም።
«ዛሬ ጸሎት የለም፣ ተባረኩ» ልል ነበር፤
ከአፌ አልወጣም።
ጣቴን ምን እንደነካው እንጃ፣
ሁሉን ከፈትኩት፤ የአርባ አንድ ቤት ትንፋሽ
በጆሮዬ ገባ፦
ማሞቂያ ሲያጓራ፣ ሳል፣ ዋዮሚንግ ላይ የቆመ
የጭነት መኪና፣ ደግሞም
ድምፅ ያለው ዕንባ።

እትዬ ድንቅነሽ ናቸው፣ ከኦማሃ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ፣
«ቁጥር አሥራ ሰባት ይረብሻል» እያልኩ
ስዘጋባቸው፣ እርሳቸው ሳያውቁ
ወደ ዝምታው ያለቅሳሉ።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩኝ።
ይኸው ነው የመጀመሪያ ስብከቴ፤ ሦስት ቃል፣
የቀረው መስማት።
«ልጄ እስር ቤት ነው» አሉ። ማንም አሜን አላለም።
ሃያ ደቂቃ አረፈድኩ፤ አለቃዬ ጻፈብኝ፣
ሁለት ነጥብ ቅጣት።

ወንጌላዊው ደም ግፊት ጥሏቸው ኖሮ ሆስፒታል ነበሩ።
ሲሰሙ ስቀው፣
«ማሩን ቀምሰሻል» አሉኝ፤ «ንቡ ከኋላ ይመጣል፣
ጠብቂው።»

መጣም። ሽማግሌዎቹ ስምንት ወር መከሩ፣ ሴት ስለሆንኩ።
በማታው የነገረ መለኮት ትምህርት፣
የግሪክኛ ግሥ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ፤ ፈተናውን ወደቅሁ።
በመጀመሪያው ቀብር የሟቹን ስም ሳትኩ፤
ሚስቱ ከፊት ወንበር፣ «ተክሌ ነው፣ ልጄ» አለችኝ
በለሆሳስ።
ያንን ስም እስከ ዛሬ፣ ስጸልይ ቀድሜ እጠራለሁ።

እጅ የተጫነብኝ ዕለት ማታ
ለኦጁሉ ነገርኩት። «እኔማ አልጠራሁሽም ብዬሻለሁ»
አለኝ ቢላውን እየሳለ፤
ቆየት ብሎ ግን፣ «ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቂኝ
ፈርቼ ነበር» አለ።

ጥሪ ሲባል ሰው መብረቅ ይጠብቃል።
የኔ ጥሪ ስልክ ነው፤
ሳሙና እጄ ላይ ሳለ፣ እንቅልፌ ሲጥም
ይጮኻል።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ አሁንም መስመር ሦስት ነኝ።
ዓርብ ሦስት ሰዓት ነድቼ ኦማሃ እደርሳለሁ፣
ከወፍራሙ መስታወት ፊት ወንበር እስባለሁ።
የእትዬ ድንቅነሽ ልጅ ሚልክያስ ማዶ ይቀመጣል።
ስልኩን አንሥቼ ስሙን እጠራለሁ፤
እሱም የራሱን አንሥቶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣
«ምን?» ይለኛል።
አልቆጣውም። ጊዜ አለኝ። እጠብቃለሁ።