የኋሊት ሰማንያ

ዳፍ ስልህ አትሳሳት፣ ተሳቢ አይደለችም፤
ዐሥር ጎማ የላት፣ ሲሚንቶ አትጭንም።
ቁመቷ ደረቴ፣ ድምፅዋ የስፌት መኪና፣
ቀለሟ ሰናፍጭ፣
የባሕር ጨው ጀምሮ ያልጨረሰው ገና።

ፍሪሲዮን የላትም። ማርሽ አታውቅም።
ሁለት የላስቲክ ቺንጋ ከሆዷ ሥር ታጥቃ፣
ትሄዳለች እንጂ፣ ፍጥነቷን ራሷ መርጣ፣ ራሷ ዐውቃ።
አንዲት ዘንግ አለቻት፣ በወንበሮቹ መኻል፤
ወደ ፊት ስትገፋት፣ ወደ ፊት ይኬዳል፤
ወደ ኋላ ስትስባት፣ የኋሊት ይኬዳል፤
በዚያው ፍጥነት። በዚያው።
ይህን ያሰበ መሐንዲስ ወይ ሰክሮ ነው፣ ወይ ጻድቅ ነው፤
ሰው ከስሕተቱ እንዲመለስ
እኩል ፍጥነት የፈቀደው።

ነውሯን ልናገር እንጂ፣ ባለቤቷ አይደለሁ?
ሰው ከሚያማብኝ፣ እኔው አማታለሁ።
ወደ ቀኝ ስታጠፍ ክላክሷ ይጮኻል፣ ማንም ሳይነካካ፤
ቄስ ዋይብረን ባርኔጣቸውን እያነሡ፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ይወደኛል ብለው ኖረዋል ለካ!
ዝናብ መጥረጊያዋ ሥራ የሚጀምር ሰማዩ ሲያባራ፤
የቤንዚን መርፌዋ ዓርብ ዓርብ ብቻ እውነት፣
በቀረው ቀን ወሬ የምታወራ።
የሾፌሩ በር ከውስጥ አይከፈት፤
እጄን በመስኮት ሰድጄ፣ እንደ ሌባ፣
ከገዛ ንብረቴ ለመውጣት።
ባለቤቴ ቪትስኬ ሹራብ እየሠራች፣ ጎኔ ተቀምጣ፣
«እኔን በሰማንያ፤ እሷን በምን አገባሃት?
ወረቀትህ ይምጣ!»

ድልድይ ከፋች ነበርኩ፣ ፍሪስላንድ ውስጥ፣ ከቦዩ አፋፍ፤
ጀልባ ሲመጣ መንገዱን አነሣለሁ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አዲስ መኪና ሁሉ እፊቴ ሲሰለፍ
አንዱን ካንዱ አልለይም፤
ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ነውር የሌለው መንጋ፣
ዝም ብሎ የሚያልፍ።

የካቲት ነበረ። ጭጋጉ ወፍራም፣ የባሕር ግድቡ መስታወት።
የጎረቤቴን ሚስት፣ ባውክዬን፣ ምጥ ያዛት።
ባሏ ዓሣ ላይ ነው። አምቡላንሱ ከሐይቁ ማዶ።
በዚያ ብርድ እሺ ብሎ የተነሣ ሞተር
የዚች የሚስቁባት ብቻ ነው፣ በረዶ ለብሶ፣ በረዶ ንዶ።
ሰባት ኪሎሜትር ሄደን፣ በግድቡ አናት፣ በጠባቧ መንገድ፣
የወተት ቦቴ ተጋድሞ አገኘን፤ አያሳልፍ፣ አይሄድ።
ግራው ባሕር፣ ቀኙ ቦይ፤ ብስክሌት አያዞርም፤
ባውክዬ ያን ጊዜ ያለችኝን ቃል
እዚህ አልደግምም።

ዘንጓን ወደ ኋላ ሳብኩ።

ስፖኪዮዋ የተሰነጠቀ ነው፤ አንገቴን አዞርኩ።
አርባ። ስድሳ።
የፊት መብራቷ ያለፍነውን እያበራ፣
እኛ በጀርባችን ወደ ጨለማው፣
ቺንጋው እንደ ንብ ቀፎ እያዜመ፣
ሰባ፤
ሰማንያ።
የኋሊት፣ ሰማንያ።

ልጅቱ ድልድዬ ሳንደርስ ተወለደች፤
ቪትስኬ ባላለቀ ሹራብ ጠቀለለቻት።
መጀመሪያ ያየችው ነገር
እየራቀ የሚሄድ መንገድ ነው።

ቪትስኬ ካረፈች አምስት ዓመት ሆናት።
ልጅቱ፣ ዪልዳው፣ ዛሬ አርባን ይዛለች፤
መኪና አትወድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን
በዚያ ድምፅ በሌለው ኤሌክትሪኳ ትመጣለች፣
ከሻንሲው ሥር ስተኛ ባትሪ ታበራልኛለች።
«ካረጁ አይበጁ» ትለኛለች፤
ለኔ ይሁን ለመኪናዋ፣ አላጣራሁም፤
ብርሃኑን ከእጄ ላይ አንሥታ ግን አታውቅም።

ቺንጋው አልቋል። ጠርዙ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ተገጥቧል።
አይንድሆቨን ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ፣
አንድ ጥንድ ዱቄት ነስንሰው ቁምሣጥን የቆለፉ፤
አይሸጡም፤ ሰው መርጠው ያወርሳሉ አሉ።
ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። በመጨረሻ መለሱ፤
ዋጋ የለበትም፣ ሰላምታም የለበትም፤
«የኋሊት ስንት ሄደህባት ታውቃለህ?» ብቻ።

ቁጥሯን ጽፌ፣ ፖስታውን አሽጌ፣
ዛሬ ጠዋት ወደ ቀኝ ስታጠፍ
ክላክሷ ጮኸ።
ቄስ ዋይብረን ከሞቱ ቆይተዋል።
አንድ የማላውቀው ልጅ፣
ብስክሌቱን አቁሞ፣
እጁን አነሣ።