የማታ ተረኞች

ቻግኒ ነው፤ ሐምሌ፤ ከሌሊቱ ስድስት፤
መብራት ከሄደ ቆየ፤ ጤና ጣቢያው ጸጥ ያለበት ሰዓት።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ጠጠር ይበትናል፤
የእጅ ባትሪው መስኮቱ ደፍ ላይ ቆሞ ጣራውን ያያል።
አንዲት ወላድ አለች፤ ምጧ ገና ነው፤
እኛ ሦስት ሴቶች ነን፤ ሥራችን መጠበቅ ነው።

ሊስቤት አዋላጅ ናት፣ ልክ እንደኔው፣ በዲፕሎማ፤
እሷን ግን «ዶክተር» ይላታል የመጣው ሁሉ፣ ከገጠርም ከከተማ።
ስምንት ዓመት የሠራሁት እኔ «እስቲ ዞር በይ» ስባል፣
እሷ ገና ስትገባ ወንበር ይጠረጋል።

ያን ሌሊት ነገርኳት። ጨለማው ነው መሰለኝ ያደፋፈረኝ፤
ሁለት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ያስቸገረኝ።

«አንቺ ስትናገሪ ስብሰባው ይጽፋል፤
ያንኑ እኔ ስለው፣ ሰው ሰዓቱን ያያል።
አገርሽ ለሥልጠና ሦስት ወር ስቀመጥ፣
የሱቁ ዘበኛ ከኋላዬ ሲያፈጥ፣
አብረሽኝ ነበርሽ። ዘወር ብለሽ ፖም መረጥሽ።
አየሽ? ወይስ አላየሽ?»

ዝም አለች። ዝናቡ ብቻውን አወራ።

«አየሁ» አለች ኋላ። «ፈርቼ ነው» አላለችም፤
በዚያ በሚንገዳገድ አማርኛዋ ሰበብ አልደረደረችም።
«ባላይ ፖም አልመርጥም ነበር፤ ስላየሁ ነው ያነሳሁ።
እዚህም ወንበር ሲጠርጉልኝ፣ አልዋሽሽም፣ ደስ ይለኛል፤ እቀመጣለሁ።»

በቃ። ይቅርታ አልጠየቀችም። ደረቴ ግን ቀለለ፤
ብሩ ባይመለስም «አለብኝ» እንደ ተባለ።
ኮራሁም። ተበዳይ መሆን ይሞቃል ለካ፤
እንደ ጋቢ ተከናነብኩት፣ ጫፉ መሬት እስኪነካ።

ይሄኔ ጠጂቱ፣ ወለል ስትወለውል ያመሸችው፣
ጨርቁን ጨምቃ ባልዲው ላይ አኖረችው፤
ድምጿን ከፍ አላደረገች፤ ለወለሉ ይመስል ነበር የነገረችው፦

«አንጓች፣ እናትሽ ቤት ስመጣ፣ ለልብስ አጠባ፣ ለዓመት በዓል፣
የምጠጣበት ጣሳ ከበር ኋላ ምስማር ላይ ይሰቀላል።
ሌላው ዕቃ ከመደርደሪያው፣ የኔው ብቻ ከምስማሩ።
ልጆችሽም ያውቁታል፤ ማንም ሳይነግራቸው ተማሩ።

«የወንድምሽ ልጅ ልጄን ሲወዳት፣ ቀለበት ሊያስር፣
ሽማግሌ ተቀመጠ ሰባት ቤት ሊቆጥር።
ከቆላ ተይዛ የመጣችው አያቴ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፤
‹አጥንቷ› ብለው ተዉት። የቀረውን የቤቱ ሰው በልቡ ፈጸመ።
አንቺ ወጥ ታወጪ ነበር። ጭልፋሽ አልተንቀጠቀጠም፤
ቀና ብለሽ አላየሽኝም።»

ያን ቃል አልጠራችውም። መጥራት አላስፈለጋትም፤
እኔ በቀልድ ስንቴ ብዬዋለሁ፤ ቆጥሬው አላውቅም።

ሊስቤትን አየኋት፤ ትከሻዋ ረገበ፤
እፎይታ ነው። አወቅኩት። ቅድም የኔ ፊት ላይ የተነበበ።
«አንቺ ደግሞ አትረፊ» አልኳት፤ «የኔ ዕዳ ያንቺን አይከፍልም።»
አንገቷን ደፋች። «አይከፍልም።»

ለጠጂቱ ግን ምን ልበል? «አላየሁም» ልል አፌ ተከፈተ፤
ፖሙ ትዝ አለኝ፤ ቃሉ ጥርሴ ጫፍ ደርሶ ሞተ።
«አየሁ» አልኩ። «ጭልፋውን አጥብቄ ያዝኩት፣ እንዳይናገር።
ምስማሩንም የመታሁት እኔ ነኝ፤ ልጅ ነበርኩ፤ ድንጋዩን ያቀበለችኝ እናቴ ነበር።»

«አሁንስ ምስማሩ?»
«አለ።»
«ጣሳውስ?»
«አለ።»
«እንግዲህ» አለች፤ ባልዲዋን አነሳች፤
ያደፈውን ውኃ ዝናቡ ላይ ደፋች።

ወላዷ ጮኸች።
ጠጂቱ ባትሪውን ያዘች፤ እኔና ሊስቤት ጓንት አጠለቅን፤
ለአንድ ሰዓት እጃችን ተመሳሰለ። ጓንት ነው። ሁለታችንም አወቅን።

ሊነጋ ሲል ሴት ልጅ መጣች፤ ቡጢዋን ጨብጣ፣ ተቆጥታ፤
አያትየው በበሩ አጮለቀች፣ ነጠላዋን አጣፍታ።
«ደኅና ናት?» አላለችም። «እናቷስ?» አላለችም።
«ቀይ ናት ወይስ ጠይም?»

ሦስታችን ተያየን።
ጠጂቱ ባትሪውን አጠፋች።