ሐረጎን ስንወጣ

መምህር ለይኩን ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ ጉድጓድ ሣለ፤
«ይሄ ኮምቦልቻ፣ ጉብታው ሐረጎ፣ ማዶው ደሴ ነው» አለ።

ሁለት ሃይድሮጅኖች፤ ስማቸው አንድ፣
ከካርቦን ያሰራቸው ያው አንድ ገመድ፤
አንደኛው ግን ሆዱ ውስጥ ኒውትሮን ደብቋል፣
አይስብ፣ አይገፋ፤ ዝም ብሎ ይከብዳል።

«ከባዱ ከወለሉ ተጠግቶ ይተኛል፤
ቀላሉ መቼ ያርፋል? ከፍ ብሎ ይርገበገባል።
ዳገቱ አንድ ቢሆንም መነሻው ይለያል፤
ያኛው ከቦርከና ዳር፣ ይሄኛው ከፍ ካለው ይነሳል።
ሰባት ቀላል ሲያልፍ አንድ ከባድ ያልፋል።»

ክፍሉ ጻፈ። እኔ ጦይባን አሰብኩ፣ መንታዬን፤
በአንድ ሌሊት ተወልደን፣ በአንድ ብርድ ልብስ ያደግን።
አምና የፋብሪካው ጡሩምባ ሳይነፋ
ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች፤
ሎጊያ ታየች አሉ፣ ከዚያ ወሬዋ ጠፋ።

ሰፈሩ እኔን «ፈዛዛዋ» ይለኛል።
አልፈዘዝኩም።
አባዬ ከሽመናው ክፍል ሳሉን ይዞ ከገባ ወዲህ
ሌሊት ሌሊት ትንፋሹን የምቆጥር እኔ ነኝ፤
መልኬ ላይ የማይታይ፣ መታወቂያዬ ላይ ያልተጻፈ
አንድ ኒውትሮን።

ፈተናው «ከባዱ ለምን ዘገየ?» ሲል
«ስለከበደው» ብዬ ጻፍኩ።
መምህሩ በቀይ አረመኝ፦ «ዝቅ ብሎ ስለሚነሳ።»
ግማሽ ማርክ ሰጠኝ። ልክ ነው።

ዛሬም ሚኒባሱ ሐረጎን ሲይዝ አቃሰተ፤
ረዳቱ ሂሳብ ጠየቀ፣ ጭጋግ መስታወቱን ሸፈነ፤
ደብተሬ ጉልበቴ ላይ፣ ቦርከና ከታች ቀጠነ።
ሰባቱ አልፈዋል።
ስምንተኛዋ ማርሽ እየቀየረች ነው።