አልጋ አለ?

ከለገሃር ጀርባ፣ ባቡር ሲያፏጭ ግድግዳው በሚንቀጠቀጥበት፣
«የበረሃ ኮከብ ሆቴል» ነበር፣ ጉልበቴን የጨረስኩበት።
በረሃ የለ፣ ኮከብ የለ፤ ጭቃና ካፊያ ነው ያለው፤
ሙሴ ስታቭሮ ግን ስም በነጻ ነው ብሎ ሰየመው።
በሩ ላይ ግመል አሣለ። ሠዓሊው፣ በላቸው ተካ፣
ግመል በዓይኑ አይቶ አያውቅ፣ በበቅሎ ኖሯል የለካ፤
ጀርባዋ ላይ ጉብታ ጨምሮ፣ ከእግሯ ሥር ዘንባባ፣
አርባ ክረምት አቆማት፣ በጎርፍ ተከባ።

እኔ ቁልፍ ያዥ ነበርኩ። ሃያ አንድ ክፍል፣ ሃያ አንድ ሚስማር።
ማታ በሦስት ሰዓት ባቡሩ ሲገባ
የድሬ ጨርቅ ነጋዴ፣ የአፍደም ጉምሩክ ሹም፣ የአዋሽ ጥጥ ገዥ፣
ሁሉም የሚያውቀው አንድ ቃል ነው፦ «አልጋ አለ ወይ፣ ቁልፍ ያዥ?»

ጠዋት እንግዳወርቅ አንሶላ ስታራግፍ ከሰገነት፣
አሸዋ ይዘንብ ነበር ከታች፣ በእኔ መላጣ አናት።
«በረሃው መጣልህ!» ትላለች፣
በበረኪና የነጣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።
ከአቃቂ ወዲያ አልፌ አላውቅም፤
የአዋሽን ሜዳ ግን ጠርጌዋለሁ፣
ጓሮ ደፍቼዋለሁ፣ በቆርቆሮ አካፋ።

ከወጥ ቤቱ ኋላ ቁጥር የሌለው ክፍል ነበር፣
መስኮቱ በብርድ ልብስ የታፈነ፤
ሌሊት ከዚያ የሚሰማው ካርታ ሲበወዝ ብቻ፣
ርግብ ከጣራ ስትነሣ ዓይነት ድምፅ።
ተስፋልደት፣ የአሰቡ ሾፌር፣ ጨው ጭና የመጣች ፊያት
ከነጨው ከነተሳቢዋ በአንዲት ቀይ ንግሥት አጣት።
ሰባት ቁጥር ሦስት ሌሊት ተኛ፤ እራትም አልጠየቀም፤
በአራተኛው ቀን አልጋው ተነጥፏል፣ ሰውዬው የለም።
መዝገቡ ላይ ጻፍኩት፦ «ሦስት ሌሊት፣ ስድስት ብር ዕዳ።»
ሙሴ ስታቭሮ ከደመወዜ ቆረጠው፦
«ዕዳ ቤት ይቀራል» አለኝ፣ «ይሄዳል እንግዳ።»

ከዚያ አልጋው ወደቀ። ትልቁን ማለቴ ነው።
የእኛዎቹ ሃያ አንዱ ቆመዋል፤ በዚያች ሌሊት ቆጠርኳቸው።
ስታቭሮ በባቡር ሄደ። ቀበሌ ቆለፈ፣ ቀበሌ ከፈተ፤
ከግመሏ ራስ በላይ ቀይ ኮከብ ተለጠፈ።
እንዲህ ሆነን ባለ ኮከብ ሆቴል ሆንን።

ባቡሩም አንድ ማታ መጣ፣ ከዚያ አልመጣም።
የነገረኝ የለም፤ በሦስት ሰዓት ሻይ ጥጄ ስጠብቅ ከረምኩ።
እንግዳወርቅ አንሶላ አራገፈች፤ አንዲት ፍሬ አልወረደም።
«አሸዋው አለቀ» አለች። በዚያው ሰሞን ታመመች።

ባለፈው ኅዳር አንድ ልጅ መጣ፣ ሜትር በእጁ፣ ቀይ ቀለም በጣሳ።
«አባባ፣ ካርታ አላችሁ?»
ሳቄን መያዝ አቃተኝ።
በዚህ ቤት ካርታ ሲጠየቅ ብዙ አይቻለሁ፤
ያልያዘ ሰው ከነጫማው ወጥቶ አያውቅም ነበር።
ግንቡ ላይ ኤክስ አደረገ፣ ግመሏን አንገቷ ላይ አገኛት።

ቆርቆሮው ተነቅሎ በሩ በሚጫረትበት ቀን
አንዲት ሴት መጣች፣ ለተብርሃን እባላለሁ አለች፣
ጃንጥላዋን አጠፈች፣ ከመሐረብ ቋጠሮ
ስድስት ባለ አንድ ብር ሳንቲም መዝገቡ ላይ ደረደረች።
«አባቴ ሲሞት ጨው አላለ፣ መኪና አላለ፤
የለገሃሩን ሆቴል ክፈሉልኝ ነው ያለ።»
ስድስት ብር ዛሬ ሻይ አይገዛም፤ ለዚያውም ለማን ልስጠው?
ስታቭሮ አፈር፣ ቀበሌው ወረዳ ሆነ፣ ቤቱ ጣራ የለው።
ገጹን ፈልጌ አገኘሁት፤ አይጥ ጥግ ጥጉን በልቶት ነበር፤
«ተከፍሏል» ብዬ ጻፍኩ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እንደገና ጻፍኩ።

ሰባት ቁጥርን ልይ አለች። አሳየኋት፤ ሰማይ ይታያል።
ጎንበስ ብላ ከጥጉ የሆነ ነገር በጣቷ አነሣች፣
አቧራ ይሁን አሸዋ እኔ ልለየው አልቻልኩም፤
መሐረቧ ውስጥ ቋጠረችው።

የሰባት ቁጥርን አልጋ በጨረታ ገዛሁት፤
በወዛደር ራስ አስጭኜ እስከ ጎተራ ወሰድኩት።
ጎረቤት «አልጋ ወራሽ!» እያለ ይቀልድብኛል።
ሌሊት ስገላበጥ ሽቦው ያፏጫል፤
ሰዓቴን አያለሁ፣ ሦስት ሰዓት አልፏል፤
ቢሆንም ተነሥቼ በሩን ገርበብ አደርጋለሁ።