የባዶ ማኅበር

«ዕድር ነው?» አሉን በሄርማታ መርካቶ፣
«የቫኪዩም፣ የገጽና የቁስ ማኅበር» የሚል ወረቀት ታይቶ።
ድንኳን የለን፤ ድስት የለን።
«ዕቁብ ነው?» ዕጣ የለን።
«ታዲያ ምን አላችሁ?» ሲሉን
«ባዶ አለን» አልን። ሳቁብን።
ያልነገርናቸው፦ የብረት ሁሉ ቆዳ
አየር ካልተነሣለት አይገለጥም ለእንግዳ።

ሳቃቸውም እውነት አለው። ገንዘብ ያዧ ነጃት
ሣጥኑን ስትከፍተው በመዋጮው ዕለት
ሦስት መቶ ብር ተገኘ፣ አንዱ ኖት የተቀደደ፤
«ከሠራነው ባዶ ሁሉ የጠለቀው ይኸ ነው» ብሎ አንዱ ቀለደ።
ደንቡ ሲነበብ «አባል አሥራ አምስት» ይላል፤
ስንቆጠር አሥራ አራት፣ አንድ በርጩማ ይተርፋል።

ፓምፑ ከጎን ክፍል ያጉረመርማል፣
ሦስተኛ ሌሊቱ ነው፤ እንስራ ከሚያህል ብረት አየር ይምጋል።
ረምላ ናት ጠባቂው፤ ጠብታ አልኮል ይዛ
በየብሎኑ፣ በየጎማው ታንጠባጥባለች ተክዛ፤
የልኬቱ መርፌ ድንገት ከዘለለ
ፀጉር የማያስገባ ቀዳዳ እዚያ አለ።
ጓንት ነው ሕጓ። «ውስጡን በጣት የነካ
አንድ ሳምንት ሰረቀኝ» ትላለች። ለካ
የአንድ ጣት ወዝ፣ አሻራ የምንለው፣
በባዶ ውስጥ ሲተነፍስ ይኖራል፤ ማቆሚያም የለው።

በስድስት ሰዓት መብራት ሄደ።
ከጅሬን እስከ ቦዬ ጨለማው ወረደ።
የፓምፑ ድምፅ ሲያርፍ፣ ሦስት ቀን የለመድነው፣
አበዳሪ መስሎ መሐላችን የገባው ዝምታው ነው።

ከጓሮ፣ ዘንቦባቸው፣ ከቆርቆሮው ዳስ ገቡ
አባ ፊጣ ዘበኛው፤ የጄነሬተሩን ገመድ ሳቡ።
አንዴ። ሁለቴ። አምስቴ።
ረምላ ቫልቩን ዘግታ «ያ ረቢ» ትላለች።
በስድስተኛው አጓራ።
መርፌው ሽቅብ ጀምሮ ነበር፤ ተመለሰ እየፈራ።

ከዚያ ቤንዚን እየሸተቱ፣ ደጃፉ ላይ ቆመው፣
«ምኑን ነው ያዳንኩት?» አሉን። «ባዶውን» ስንል፣ ደግመው
«ባዶ ከሆነማ ምኑ ይበላሻል?» አሉ።
ሦስት ዶክተር ነበሩ፤ መልስ ጠፋ ከሁሉ።

እኔ ጸሐፊው ግን መዝገቡን ገልጬ፣
በተረፈው በርጩማ አባ ፊጣን አስቀምጬ፣
«ይፈርሙ» አልኳቸው። ፊደል ስላልቆጠሩ
አውራ ጣታቸውን ከሰማያዊው ቀለም ነከሩ።
ረምላ በመስኮት አይታ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ
«እዚያ ላይ ይፈቀዳል» አለች፤ ሳትስቅ።

ሲነጋ፣ አዌቱ በጎርፍ ሲደፈርስ፣
መስታወቱ ከባዶው ውስጥ ጤዛ የሚያህል ብረት ሲለብስ፣
ከአሥራ አራት ፊርማ ግርጌ፣ በአሥራ አምስተኛው መስመር
አንድ ሰማያዊ አሻራ ይተነፍስ ነበር።